ሬንተን ያስቀመጥነው ቤት

ለልጄ የመጀመሪያውን አልጋ የገዛሁላት ገና በዓይኔ ሳላያት ነው። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ፣ ሲያትል ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ ቤተሰብ ደጁ ላይ ያገለገለ ዕቃ ዘርግቶ ይሸጥ ነበር። ከመጻሕፍቱና ከሳህኖቹ መሃል ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ዙሪያውን በእንጨት ርብራብ የታጠረ የሕፃን አልጋ ቆሟል። ልገዛ ብዬ አልነበረም የቆምኩት። እጄን ርብራቡ ላይ አሳርፌ ብነቀንቀው ንቅንቅ አይልም። ከፈልኩና በትከሻዬ ተሸክሜው ዳገቱን ወጣሁ።

ሲያትል የገባሁት በዲቪ፣ ብቻዬን ነው። ጥቂት ዓመት ሠርቼ አዲስ አበባ ተመለስኩና የሰፈሬን ልጅ አገባሁ። ፈቃዴ አልቆ ስለያት ነፍሰ ጡር ነበረች። እንደተመለስኩ እሷን የማስመጣበትን ማመልከቻ አስገባሁ። የረዳኝ ጠበቃ ነገሩ ዓመታት ሊወስድ እንደሚችል በግልጽ ነግሮኛል፤ እኔ ግን ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ የሚያወራ ይመስል ሰምቼው ወጣሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሁለት ሺህ ወዲህ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናቸው፤ ወረፋው ረጅም ነበር። ልጄ ስትወለድ ለቅሶዋን በስልክ ካርድ ሰማሁ።

የምኖረው ከሁለት ወንዶች ጋር ተዳብዬ ነው። አንደኛው ታክሲ ይነዳል። ሌላው በዕድሜ የሚበልጡን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ኤቨረት ከተማ የአውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠሩ ሰው ናቸው። መኝታ ክፍሎቹን እነሱ ይዘዋል፤ እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ አድራለሁ። አልጋውን ከሶፋዬ ጎን አቆምኩት። ጋሼ ጎህ ሳይቀድ ለሥራ ሲወጡ እግራቸው እየተሰናከለበት ተቸገሩ፤ ግን ለሳምንታት ምንም አላሉኝም። ከዚያ እኔው አባስኩት። የምሠራበት ሬስቶራንት ዕቃ ሲቀይር አሮጌዎቹን ድስቶችና መጥበሻዎች ለሠራተኛ ሰጠ፤ የድርሻዬን ይዤ መጣሁ። ቀጥሎ የምግብ ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ ወንበሮቹ። ታክሲ ነጂው ሳሎኑን በጎን እየሄደ ነበር የሚያልፈው።

በመጨረሻ ጋሼ አስቀምጠው አናገሩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ባዶ ቤት ተከራይቼ፣ አገር ቤትም ገንዘብ ልኬ እንደማልዘልቀው ያውቃሉ። ፋብሪካ አብረዋቸው ከሚሠሩት ብዙዎቹ ዕቃቸውን ስቶሬጅ እንደሚያስቀምጡ፣ በየወሩ ተከፍሎ፣ ቁልፉ በእጅ ሆኖ፣ በፈለጉ ሰዓት ገብተው እንደሚወጡ ነገሩኝ። አገራችን ለዕቃ ተብሎ ብቻ ቤት ሲከራዩ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በእረፍት ቀኖቼ እየዞርኩ ማየት ጀመርኩ። መሃል ከተማ፣ ከፍሪዌዩ፣ ከፈጣኑ መንገድ፣ አጠገብ ያለው የቀድሞ መጋዘን ነበር፤ ኮሪደሩ ጨለማ፣ ሊፍቱ የሚያንቋርር፣ መኪና ማቆሚያው ደግሞ ሁልጊዜ የተያዘ። ወደ ኤቨረት አቅጣጫ ጋሼ የጠቆሙኝ ቦታ ንጹሕና ሰፊ ነበር፤ ግን ለእኔ ሩቅ ነው፤ ስጠራጠር በማልደርስበት ቦታ ንብረቴን ላኖር አልፈለግሁም። ሦስተኛውን ከሲያትል በስተ ደቡብ ባለችው ሬንተን አገኘሁት። ዝቅ ብለው የተደረደሩ ረጃጅም ቤቶች፣ በሮቻቸው ወደ ላይ የሚጠቀለሉ ብርቱካናማ ቆርቆሮዎች፤ መኪናህን ደጁ ድረስ አስጠግተህ ዕቃ ታወርዳለህ። ሬንተንን የመረጥኩት ግን ለዚህ ብቻ አልነበረም። ልጅ ያላቸው የአገራችን ሰዎች ከመሃል ከተማ እየለቀቁ እዚያ ይገቡ ነበር። እኛም የምንኖረው እዚያ እንደሆነ በልቤ ወስኛለሁ፤ ሰዎቹ እስኪመጡ ዕቃው ይቅደም ብዬ አንድ መኝታ ቤት የምታህል ክፍል ያዝኩ።

በጋሼ መኪና አመላልሰን አስገባን። በር ላይ እንዳለ መከመር ይቻል ነበር፤ እኔ ግን አልከመርኩም። ድስቶቹንና ጠረጴዛውን በግራ፣ ኋላ የገዛሁትን ሶፋ በቀኝ፣ አብሮት የገዛሁትን ትልቅ ፍራሽና የልጅ አልጋውን በስተኋላ አድርጌ በመሃል መተላለፊያ ተውኩ። ጋሼ ቆመው አዩኝና ሶፋውን በዚያኛው ጫፍ ያዙልኝ።

ለሚስቴ በስልክ ስነግራት ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ለማን እንደገዛሁት ጠየቀችኝ። ለእናንተ አልኳት። እኛ እኮ የለንም አለች። ገና ቃለ መጠይቅ እንኳ ሳይጠሩን፣ ሰው በማይኖርበት ክፍል ሶፋ ማስቀመጥ ለእሷ ክፉ ነገር እንደመጥራት ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ዕቃው ለብዙ ጊዜ አላነሳሁባትም፤ መግዛቱን ግን አልተውኩም።

እረፍት በሆንኩ ቁጥር እሄዳለሁ። በሩን ወደ ላይ አንከብልዬ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ደጁ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያየሁ ምሳዬን እበላለሁ። አንድ ቀን ከስቶሬጁ ቢሮ አንዲት ሴት መጣችና በትህትና እዚያ አድር እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሰው መኖር ክልክል ነው። አላድርም፤ የቤተሰቤ ቤት ነው አልኳት። በሰባራ እንግሊዝኛዬ ምን እንደገባት አላውቅም፤ ዕቃውን፣ አደራደሬን፣ የልጅ አልጋውን አየት አየት አድርጋ ጥሩ ቀን ተመኝታልኝ ሄደች።

የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ ክፍሉ መሽተት ጀመረ። እርጥብ ጆንያ ዓይነት ሽታ ነው። መጀመሪያ ከውጭ የመጣ መሰለኝ። አንድ ቀን ፍራሹን ሳዞረው ከሥሩ በኩል አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ እንደ ካርታ ተዘርግቶበታል። እንዳይቆሽሽ ብዬ በላስቲክ ጥቅልል አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩት። የልጅ አልጋው እግሮች ላይ ቀለሙ አብጦ ተነስቷል። ሶፋውን በእጄ ስጫነው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር።

አጠገቤ ባለው ክፍል የሱቋን ዕቃ የምታስቀምጥ ሴት ነበረች፤ ወላጆቿ ከኤርትራ፣ እሷ ግን አዲስ አበባ ያደገች፣ አማርኛዋ ውስጥ የትግርኛ ቃና ያላት። እንዲያ ፍራሹን አቁሜ ስመለከት አገኘችኝ። እትዬ እላት ነበር።

«ሲሚንቶው ላይ በቀጥታ ነው ያስቀመጥከው? ይሄ መሬት እኮ ያልበዋል» አለችኝ። «ላስቲኩ ደግሞ እርጥበቱን ይዞ አስቀረው። እኔም ስንት ኩንታል ሽሮና በርበሬ ደፍቻለሁ፤ ብቻህን አይደለህም።»

እሷ አሁን እዚያ የምታስቀምጠው የማይበላሸውን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝና ግቢው ጀርባ ባለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማሞቂያ ያላቸው ክፍሎች እንዳሉ አሳየችኝ። ከፍ ያለ ኪራይ ነበረው፤ በዚያ ላይ ዕቃውን በጋሪ እየገፉ በሊፍት ማውጣት ያስፈልጋል። ያን ቀን ፍራሹን ቆሻሻ መጣያ ወስጄ ጣልኩ። ሲወድቅ ሳየው ቤቴ የፈረሰ ያህል ነበር የከፋኝ። በሳምንቱ ግን ሁሉንም ወደ ላይ አወጣሁ። ሬስቶራንት ተጨማሪ ፈረቃ ያዝኩ። እትዬ ዕቃ የሚጫንባቸውን የእንጨት መደቦች ሰጠችኝና ከታች አነጠፍኳቸው። ግድግዳውን ሳላስነካ፣ ከባዱን ከሥር፣ የጠረጴዛውን እግሮች ፈትቼ፣ ሶፋው ላይ አንሶላ ብቻ ጣል አድርጌ አደራጀሁ። እየተሳሳትኩ ተማርኩ። ከዚያ በኋላ ያስቀመጥኩት አንድም ዕቃ አልተበላሸም።

ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል ፈቃድ አውጥቼ አገር ቤት ሄድኩ። ኤርፖርት ስታየኝ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። በቆየሁባቸው ሳምንታት በቀጥታ ያናገረችኝ ጥቂት ነው፤ የምትፈልገውን ለእናቷ ትነግራትና እናቷ ለእኔ ታስተላልፋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊቴ ቆማ ሳያት ነው የልጅ አልጋው ነገር የመጣልኝ። ርብራቡ ውስጥ ልትገባ አትችልም። አልፋዋለች።

ለሚስቴ ነገርኳት፤ ትቆጣለች ብዬ ነበር የፈራሁት። እሷ ግን ከመርፌ ዕቃዋ ውስጥ ክር አወጣች። ልጅቷን በር መቃኑ ላይ አስደግፋ አቆመቻት፣ ክሩን ከተረከዟ እስከ አናቷ ዘረጋችና ቋጠረች። ከቋጠሮው አሳልፋ ደግሞ ሁለት ስንዝር ጨመረች።

«ይሄን ይዘህ ሂድ» አለችኝ። «የሕፃኑን አልጋ ሽጠው። የምትገዛው አልጋ ከዚህ ቁመት እንዳያንስ፤ እዚያ እስክንደርስ ታድጋለች።»

እዚያ እስክንደርስ ያለችበት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እንደ ምኞት አልነበረም፤ የቀጠሮ ያህል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሬንተኑ ክፍል የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ። ተመልሼ ክሩን ኪሴ ይዤ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ ዞርኩ፤ አልጋ ላይ ክር የሚዘረጋ ሰው አይቶ የማያውቅ ሻጭ ሁሉ ያየኝ ነበር። ልኩ የሆነ የእንጨት አልጋ አገኘሁ። ለሚስቴ ፎቶ አነሳሁላትና በኢሜይል ላክሁላት፤ እሷ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ አየችው። ከዚያ በኋላ ማዘዝ ጀመረች። ሶፋው ቡኒ ነው ወይስ ጥቁር፤ ድስቶቹ ክዳን አላቸው ወይ፤ መጋረጃ እንዳትገዛ፣ መስኮቱን ሳላይ መጋረጃ አልመርጥም። ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት፤ የስፌት መኪና እንድፈልግ ነገረችኝ፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አስረዳችኝ። ሳገኘው ሊፍት ውስጥ ለጋሪ አላመንኩትም፤ አቅፌው ወጣሁ።

ጉዳያችን ተራው ደርሶ ኤምባሲ ሲጠሯት ጋሼ በግ እናርዳለን እያሉ ነበር። ቃለ መጠይቁ ግን ሳይሳካ ቀረ። አንድ የጎደለ ሰነድ ነበር፤ ፋይሉ ለተጨማሪ ምርመራ ይቆያል ተባለ። እስከ መቼ እንደሆነ የሚነግረን ጠፋ። ወራት አለፉ። ጠበቃው ያለው አማራጭ የእኔ ዜግነት ነው፤ ዜጋ ስትሆን ነገሩ ይፈጥናል አለኝ። እሱም ቢሆን ራሱን የቻለ ጥበቃ ነው።

በዚያ ክረምት ደከምኩ። ወደ ሬንተን የምሄድበት ጊዜ ራቀ። ስሄድም በሩን ከፍቼ ሳልገባ የምመለስበት ቀን ነበር። ለወንበሮችና ለድስቶች በየወሩ እከፍላለሁ፤ እነሱ ሙቀት ውስጥ ናቸው፤ እኔ እስከ አሁን የሰው ሳሎን ውስጥ ነኝ። ጋሼ አንድ ማታ፣ አዝነውልኝ ነው፣ ዕቃውን ሸጬ በዚያ ገንዘብ ሄጄ ሚስቴንና ልጄን እንድጠይቅ መከሩኝ፤ ቪዛው የመጣ ዕለት ደግሞ ያኔ እንደገና ይገዛል፤ ታዲያ ምን ቸገረህ አሉኝ። ምክሩ ልክ ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ገዢ ማፈላለግ ያዝኩ፤ ለሶፋውና ለጠረጴዛው የሚመጣ ሰውም አገኘሁ። ሰውዬው ከመምጣቱ በፊት ለሚስቴ ኮል አደረግኩ።

ሁሉንም እስክናገር አላቋረጠችኝም።

«ጨረስክ?» አለች።

«አዎ።»

«እንግዲህ ስማኝ። አንድም ነገር እንዳታወጣ። ለልጅቷ ማታ ማታ ቤታችንን እያልኩ የምነግራት እሱን ነው። ጠረጴዛው የት እንዳለ፣ አልጋዋ የት እንዳለ ታውቀዋለች። ከሸጥከው ምን ልንገራት?»

መልሴን አልጠበቀችም። ከደከመህ ሄደህ አትየው፤ ኪራዩን ክፈልና ዝጋው፤ የዜግነቱን ፈተና አጥና፤ እኔ ሰነዱን አሟላለሁ አለችኝ። በማግስቱ የተወለደችበትን ቀበሌ ደጅ መጥናት ጀመረች። ሰነዱን እስክታገኝ ስንት ቢሮ እንደተመላለሰች ዘርዝራ ነግራኝ አታውቅም። እኔም ለሶፋው ገዢ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። የፈተናውን ጥያቄዎች ሰሃን እያጠብኩ፣ አውቶቡስ ላይ፣ ሬንተን ሶፋው ላይ ተቀምጬ ሸመደድኩ። ጋሼ ማታ ሻይ ይዘው እየጠየቁ ያስመልሱኝ ነበር። ፈተናውን አለፍኩ፤ ማልኩ፤ ወረቀቱን ጠበቃው ጋ ወስጄ ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እውነትም ፈጠነ።

የሚመጡበት ቀን ሲታወቅ ሬንተን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ክፍል አፓርታማ ተከራየሁ፤ ከስቶሬጁ በመኪና ቅርብ ነው። ሁሉንም አስገብቼ፣ አልጋውን አንጥፌ፣ ቤት አስመስዬ ልቀበላቸው አስቤ የጭነት መኪና ቀጠርኩ። ሚስቴ ከለከለችኝ። እኔ ሳልደርስ አንድም ዕቃ እንዳይገባ አለች። ጋሼ ሲሰሙ ይህቺ ሴት ቁምነገረኛ ናት ብለው ሳቁ። ስለዚህ ከኤርፖርት ያመጣኋቸው ወደ ባዶ ቤት ነው፤ ምንጣፉ ላይ የተዘረጋ ፍራሽና አንድ ድስት ብቻ ያለበት። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከእናቷ ጎን ተኛች፤ እኔ ከዚያኛው ጫፍ።

በማግስቱ ቁርስ እንደበላን ስቶሬጁን ለማየት ሄድን። በሊፍት ወጣን፣ በኮሪደሩ ሄድን፣ ቁልፉን ከፍቼ በሩን አነሳሁት። ሚስቴ ደፉ ላይ ቆመች። እኔ በዓይኗ ለማየት ሞከርኩ፤ ያረጁ ዕቃዎች ብቻ ነበሩ የታዩኝ። ገባች፤ የጠረጴዛውን ገጽ በመዳፏ ዳበሰችው፤ የስፌት መኪናውን ልብስ ገልጣ መዘውሩን አዞረችው። ተሽከረከረ። እዚያው ሆና ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ልጅቷ በመተላለፊያው ገብታ እስከ ኋላ ሄደች። አልጋውን አገኘችው። ጫማዋን አውልቃ ወጣችበትና ወደ እናቷ ዞራ መስኮቱ የት አለ ብላ ጠየቀች። ሚስቴ መጀመሪያ አልገባትም፤ ቀጥሎ ተያየን። ልጃችን ያ ክፍል ቤታችን መስሏታል። የምንኖረው ትናንት ያደርንበት እንደሆነ፣ ይሄ ዕቃው የሚጠብቀን ቦታ እንደሆነ አስረዳናት። ቅር ያላት ይመስለኛል። እሷ ዕቃ ያለበት ይሻላል አለች።

የጭነት መኪናውን ዛሬውኑ ልጥራ ስል ሚስቴ ራሷን ነቀነቀች።

«አንተ ሰበሰብክ፤ የማስገባው እኔ ነኝ» አለች። «ሳይታጠብ ሳይጸዳ የሚገባ የለም።»

እኔ በአንድ ቀን ልገላገለው ነበር የፈለግሁት፤ ስንት ዓመት የያዝኩትን። በሩ ላይ ቆመን ተከራከርን። እሷ ገና ከአውሮፕላን የወረደች፣ የከተማውን አንድ መንገድ የማታውቅ ሴት ናት፤ እኔ ደግሞ ሁሉን የማውቅ። እሷ አሸነፈች። ወሩን ሙሉ ክፍሉን ይዘን ቆየን። የሬንተን በጋ ጥሩ ነው፤ ፀሐዩ እስከ ማታ አይጠፋም። እሷ በየቀኑ የምትፈልገውን ትነግረኛለች፣ ከሥራ ስመለስ ሄደን እናመጣለን፤ ድስቶቹን ፈትጋ፣ ወንበሮቹን ሰገነቱ ላይ አስጥታ፣ የቦታ ቦታቸውን ታስይዛቸዋለች። ቡኒውን ሶፋ አልወደደችውም፤ ነገረችኝ፤ ግን ልብስ ሰፋችለት። ከወንበሮቹ ሁለቱ ቤቱን ያጣብባሉ ብላ ለጋሼ ላከች። ያልጠበቅኩት ነገር ቢኖር ሥራው እኔንም ማቅለሉ ነው። ሚስቴ ድስት በሳሙና ስትፈትግ አጠገቧ ቆሜ የት፣ ከማን፣ እንዴት እንዳገኘሁት ሳወራላት በስልክ ያልተነጋገርነው ስንት ነገር ወጣ።

የልጅቷ አልጋ የመጨረሻው ነበር፤ ሚስቴ ናት ወደ ኋላ ያስቀረችው። እሱን ያወጣን ቀን ወለሉን ጠረግሁ። የእንጨት መደቦቹን ለእትዬ በሯ ላይ ደገፍኳቸው። ቁልፉን ከነሰንሰለቱ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። በሩን ላወርድ እጄን ስዘረጋ ልጄ ከጎኔ ቆማ ሽቅብ ታየዋለች። የሚጎተተው ገመድ ከላይ ተንጠልጥሏል፤ አትደርስበትም። ወደ እናቷ አልዞረችም።

«አባዬ፣ አንሳኝ» አለችኝ።

ብብቷን ይዤ አነሳኋት። ከጠበቅኩት በላይ ትከብድ ነበር። ገመዱን በሁለት እጇ ያዘችና ቀስ ብዬ ሳወርዳት በሩም አብሮን እየተንኳኳ ወረደ።